ሶፍትቦልን በጭድና በአመድ ማስጀመር፦ የፋስትፒች ሕግና የዘጠኙ ተጫዋቾች ቦታ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጣች። ከሻንጣዋ ሁለት የቆዳ ጓንት፣ አንድ የፊት መከላከያና ሦስት ቢጫ ኳስ ወጣ። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ከጀርባው ጤፉ ታጭዶ ያለቀበት ማሳ ላይ ቆማ ክንዷን አንዴ ዙሪያውን አሽከረከረችና ኳሷን ከዳሌዋ አጠገብ ለቀቀቻት። ጓንቱ ውስጥ ሆና መዳፌን አቃጠለችኝ። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅም ነበር። በልጅነቷ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ማማ ወጥታ ማሽላ ከወፍና ከጦጣ ስትጠብቅ ያደገች ናት። ቀና ብላ አየቻትና «ይኼማ ወንጭፍ ነው፤ ገመዱ ብቻ ነው የጠፋው» አለች።

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆችን ይህንኑ ጨዋታ እያስተማርኩ ነው። የምጽፈው እንደኔ ዕቃ ሳይኖረው፣ ጨዋታውን በዓይኑ ያየ ሰው አጠገቡ ሳይኖር ለሚጀምር ሰው ነው። እንደ ቅደም ተከተሉ ብትሄዱ በአንድ ወር ውስጥ እውነተኛ ጨዋታ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ

ሁለት ቡድን ነው፤ በየቡድኑ ዘጠኝ ሰው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ሜዳ ገብቶ ይከላከላል። መቺዋ ከመነሻዋ ተነሥታ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝን፣ ማለትም መሬት ላይ የተቀመጡትን ሦስት መርገጫዎች፣ በተራ ረግጣ ወደ መነሻዋ ከተመለሰች አንድ ነጥብ ይመዘገባል። መነሻው በእንግሊዝኛው «ሆም» ይባላል፤ የኔ ልጆች በመጀመሪያው ቀን «ቤት» ብለውታል፣ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ። ተከላካዮቹ ሦስት ሰው «አውት» ሲያደርጉ፣ ማለትም ከጨዋታ ሲያስወጡ፣ ተራ ይቀየራል። ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ መትተው ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ሞላ ማለት ነው። እኛ የምንጫወተው የሶፍትቦል ዓይነት፣ ፋስትፒች፣ ሰባት ኢኒንግ ነው። የሚጠበቅ ሰዓት የለም፤ ጨዋታውን የሚጨርሰው የአውቱ ቁጥር ነው። በሰባተኛው እኩል ከሆኑ ይቀጥላሉ፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ከስምንተኛው ጀምሮ የሚመታው ቡድን ሁለተኛ ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ አቁሞ ይጀምራል። ከአምስት ኢኒንግ በኋላ ልዩነቱ 7 ነጥብ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

ልጆቹ «ይህ የማን ጨዋታ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ስለሚያስቃቸው እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ በአሜሪካኖች የምስጋና ቀን፣ አንድ የጀልባ ክበብ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች የሃርቫርድንና የዬልን ግጥሚያ ውጤት ይጠባበቁ ነበር። አንዱ የቦክስ ጓንት ወረወረ፣ ሌላው በዱላ መታው። ጆርጅ ሃንኮክ የሚባለው ጓንቱን በራሱ ማሰሪያ ጠቅልሎ ኳስ አደረገው፣ የመጥረጊያ እጀታ ደግሞ መምቻ ሆነ። የገናን ሩርና ዱላ ለሚያውቅ የጎጃም ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሶፍትቦል» የሚለው ስም የወጣለት ግን በ1926 ነው። ሴቶቹ በኦሎምፒክ ከ1996 እስከ 2008 ተጫውተዋል፤ ከዚያ ወጣ፣ በቶኪዮ ተመለሰና ጃፓን ወርቁን ወሰደች፤ ለ2028ቱም ተይዟል። ስሙ «ለስላሳ ኳስ» ማለት ቢሆንም የዛሬዋ ኳስ ለስላሳ አይደለችም፤ ይህን አትርሱ፣ እመለስበታለሁ።

ሜዳውን በሁለት ገመድ መለካት

ቦታ ስትመርጡ መቺዋ ፊቷን ወደ ምሥራቅ እንድታዞር አድርጉ። እኛ የምንጫወተው ከትምህርት በኋላ ከሰዓት ነው፤ የምዕራብ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ከገባ የምትመጣውን ኳስ አታያትም፣ አደጋም ነው። ስለዚህ «ቤት» ከሜዳው ምዕራባዊ ጫፍ ይሁን።

አንድ ችካል ቤት ላይ ትከሉ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሜዳው መሃል 25.86 ሜትር ለኩና ሌላ ችካል ትከሉ፤ ይህ ሁለተኛ ቤዝ ነው። አሁን 36.58 ሜትር ገመድ ውሰዱና ልክ መካከሉ ላይ፣ ማለትም 18.29 ሜትር ላይ፣ ቋጠሮ አስሩ። አንዱን ጫፍ ቤት ላይ፣ ሌላውን ሁለተኛ ቤዝ ላይ አስይዙ። አንዲት ልጅ ቋጠሮውን ይዛ ወደ ቀኝ እስኪወጠር ትሳብ፤ የቆመችበት አንደኛ ቤዝ ነው። ወደ ግራ ስትስብ ሦስተኛ ቤዝ ይወጣል። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። የኔ ልጆች ይህን ሲያዩ «ቲቸር፣ ሒሳብ ክፍል ለምን እንዲህ አላሳዩንም?» ብለውኛል፤ ለሒሳብ መምህሩ አልነገርኩትም።

የወርዋሪዋ መቆሚያ በዚያው ከቤት ወደ ሁለተኛ በተዘረጋው መስመር ላይ ነው፤ ለአዋቂ ሴቶች ከቤት 13.11 ሜትር። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ 12.19፣ ከ10 በታች ለሆኑ 10.67 ሜትር ይበቃል። እኔ ሁሉንም ከ10.67 ጀመርኳቸው፤ ሰባተኛ ክፍል ናችሁ ብዬ ብሟገት ኳሷ ቤት ሳትደርስ መሬት ነው የምትጠጣው። በመቆሚያው ዙሪያ በ2.44 ሜትር ገመድ ክብ አዙሩ። ይህ ክብ ኋላ ሩጫው ላይ ሥራ አለው።

ከቤት ተነሥተው በአንደኛና በሦስተኛ ቤዝ በኩል የሚያልፉትን ሁለት መስመሮች እስከ ሜዳው ዳር በአመድ አስምሩ። ኖራ ካላችሁ ያምራል፤ አመድ ግን በየቤቱ ነው። ከሁለቱ መስመሮች ውስጥ ያለው ሜዳ ነው፣ ውጪው «ፋውል»። ጥቁር መረሬ አፈር ያላችሁ፣ እነ ቢቸናና ደጀን፣ ክረምት ላይ አትሞክሩት። ኳሷም ጫማውም እዚያው ይቀራል።

ቤዝ፣ ኳስና ዱላ

ቤዝ ለመሥራት ባዶ ማዳበሪያ አጥባችሁ 38 ሳንቲ ሜትር በ38 አድርጋችሁ ስፉና ጭድ ጠቅጥቁበት። ከመደበኛው ቤዝ ይሻላል የምለው ተንሸራትተው ሲገቡበት ቁርጭምጭሚት ስለማይሰብር ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ሁለት ጎን ለጎን አድርጉ፤ አንዱ ከመስመሩ ውስጥ፣ ሌላው ከመስመሩ ውጪ። ሯጯ የውጪውን፣ ተከላካይዋ የውስጡን ትረግጣለች፤ ይህ በመደበኛው ሕግም ያለ ነው፣ የውጪው ብርቱካናማ ይሆናል። እኛ በቀይ አፈር ቀባነው። ዝናብ እስኪመጣ ይቆያል።

ቤት አምስት ማዕዘን ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነው። ከአሮጌ ጎማ ቁረጡት፤ ወደ ወርዋሪዋ የሚያየው ጎን 43.2 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች 21.6 ሳንቲ ሜትር ይሁኑና ወደ ኋላ በሹል ይገናኝ። የለካችሁበት ችካል የሹሉ ጫፍ ነው።

መደበኛዋ ኳስ ዙሪያዋ 30.5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ178 እስከ 198 ግራም ነው። ዋናው ምክሬ ይኸው፦ ለመቺዎቹና ለሯጮቹ የራስ ቁር፣ ለካቸሯ፣ ከመቺዋ ኋላ ሆና ውርወራውን ለምትቀበለው፣ የፊት መከላከያ ከሌላችሁ በመደበኛ ኳስ ጨዋታ አታጫውቱ። እኛ ጨዋታውን የምንጫወተው በጨርቅ ኳስ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ፣ በክር አጥብቃችሁ ጠምጥማችሁ፣ እዚያችው መጠን ላይ አድርሷት። ሦስቱን እውነተኛ ኳሶች ጓንት ያደረጉ ሁለት ልጆች ለመቀባበል ብቻ ይጠቀሙባቸዋል።

ዱላው ርዝመቱ ከ86.4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5.7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በደረቅ ባሕር ዛፍ አስጠርቡት፤ እርጥቡ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። መያዣውን ጨርቅ ጠምጥሙበት። ከመምታት በፊት የማስተምረው ዱላውን መጣልን ነው። መትተው ሲሮጡ ዱላውን ወደ ኋላ የሚወረውሩ አሉ፤ ካቸሯ ደግሞ እዚያው ኋላቸው ናት። «መታሽ፣ ለቀቅሽ፣ ሮጥሽ» እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ኳስ አሠራኋቸው።

ውርወራው

ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። «ፋስትፒች» ማለት ፈጣን ውርወራ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይወረወራል፣ ግን በቀስታ አይደለም። ጠንካራ ወርዋሪዎች በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። በዚያ ፍጥነት ከ13 ሜትር የተለቀቀች ኳስ ቤት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አትፈጅም።

ሕጉ የሚጠይቀውን መጀመሪያ እንያዝ። ወርዋሪዋ ሁለት እግሯን መቆሚያው ላይ አድርጋ ትቆማለች። እጆቿን ታገናኛለች፣ ትንሽ ጸጥ ትላለች። ከዚያ እጆቿ ይለያያሉ፣ ክንዷ አንድ ዙር ይዞራል፣ ሁለት ዙር አይፈቀድም፤ ወደ መቺዋ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። ኳሷ ስትለቀቅ እጇ ከዳሌዋ በታች፣ አንጓዋም ከክርኗ ይልቅ ከሰውነቷ ያልራቀ መሆን አለበት። እርምጃዋ ከመቆሚያው ስፋት፣ ከ61 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን አይወጣም። ወደፊት ዘላ ካረፈች በኋላ በዚያው እግር እንደገና መሬቱን ገፍታ መወርወር ክልክል ነው። ሕገ ወጥ ውርወራ ለመቺዋ አንድ «ቦል»፣ ማለትም ዒላማዋን እንደሳተች ውርወራ፣ ያስቆጥርላታል።

አሠራሩን ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስተምሩ። ሙሉውን ዙር አሳይታችሁ «አድርጉ» ካላችሁ ኳሷን ከጣሪያ ነው የምታወርዷት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ጎኗን ወደ ዒላማው አዙራ ሦስት ሜትር ያህል ላይ ትቁም፤ ክንዷ ወደ ታች ተዘርግቶ፣ ኳሷን ከጭኗ አጠገብ በእጅ አንጓዋ ብቻ ትወርውር፣ በእጅ ነቅነቅታ። አንጓዋ መሥራቱን ሲለምድ ክንዷን ወደ ኋላ እስከ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ትጀምር። ቀጥሎ ክንዷን ወደ ላይ ሰማይ አሳይታ ከዚያ ታውርድ። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉው ዙር፣ መጀመሪያ በቆመችበት፣ ከዚያ ከእርምጃ ጋር። በየደረጃው ርቀቱን ሁለት ሜትር ጨምሩ።

የምትለቅበት ቅጽበት ከሁሉም ይከብዳል። አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ኃይል አላት፣ ግን ኳሷ አንዴ እግሯ ሥር ትነጠፋለች፣ አንዴ ከካቸሯ አናት በላይ ታልፋለች። እኔ «ወደ ፊት ተመልከቺ» ከማለት ሌላ መላ አልነበረኝም። እናቴ አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ቆማ አየቻትና ጠራቻት። «ልጄ፣ ድንጋዩ ክንድሽ ከመጣ በኋላ አይለቀቅም። ጭንሽን ሊነካ ሲል ነው፤ ሲነካ ዘግይተሻል።» ነገሩ ትክክል ነው፦ ኳሷ ዳሌ ሳትደርስ ከተለቀቀች መሬት ትወርዳለች፣ ዳሌ አልፋ ከተለቀቀች ወደ ሰማይ ትወጣለች። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ኳሷን ስትለቅ ቀሚሷ ኪስ ላይ ታተኩር ጀመር። ዛሬ አንደኛ ወርዋሪያችን ናት።

ታላላቆቹ ወርዋሪዎች ወደ ላይ የምትነሣ የምትመስል ኳስ፣ ቤት ስትደርስ የምትወድቅ ኳስና ወደ ጎን የምትጣመም ኳስ ይወረውራሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ኳሷ እንደ ቆላው አትጣመምም፣ ስትመታ ግን ትርቃለች። ስለዚህ ልጆቹን ማጣመም ለማስተማር አትድከሙ። ያንኑ ክንድ ያንኑ ፍጥነት አሳይቶ ቀስ ብላ የምትመጣውን ኳስ፣ ቼንጃፕን፣ አስተምሩ። በደጋ አየር ላይ ከሁሉም ይሠራል።

መምታትና መቁጠር

ኳሷ ከቤት ስፋት ውስጥ፣ ከመቺዋ ብብት በታችና ከጉልበቷ አናት በላይ ካለፈችና መቺዋ ካልመታች «ስትራይክ» ነው። ሞክራ ከሳተችም ስትራይክ ነው። ከዚያ ውጪ ካለፈችና መቺዋ ካልሞከረች «ቦል» ይባላል። ሦስት ስትራይክ አውት ነው፤ አራት ቦል ሳትመታ አንደኛ ቤዝ ያስወስዳል። ከመስመር ውጪ የተመታች ፋውል እስከ ሁለት ስትራይክ ድረስ ስትራይክ ትቆጠራለች፤ ሁለት ላይ ከደረሰች በኋላ አትቆጠርም። አንድ ልዩ አለ፦ ዱላውን ሳታወናጭፍ ኳሷን ለስለስ አድርጋ ለማቆም የምትሞክር፣ «በንት» የሚሉት፣ ሁለት ስትራይክ ላይ ሆና ፋውል ከመታች አውት ናት። ወርዋሪዋ መቺዋን በኳስ ከመታቻት መቺዋ አንደኛ ቤዝ ትሄዳለች፤ ሆን ብላ ካልገባችበት በቀር።

የገና ዱላ የለመደ እጅ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። እዚህ ዱላው ከትከሻ ተነሥቶ ደረት ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ነው የሚዞረው። ልጆቹ ይህን እስኪለምዱ ኳስን ጉቶ ላይ አስቀምጣችሁ አስመቷቸው።

ግራ እጇ የሚቀናት ልጅ ካለቻችሁ ደስ ይበላችሁ። እኛ ጋ አንዷን «ግራኝ» እያሉ ሲያበሽቋት ነበር። በግራ የምትቆም መቺ ግን አንደኛ ቤዝ ሁለት እርምጃ ይቀርባታል፤ እየሮጠች መሬት ላይ ቆረጥ አድርጋ መትታ ማምለጥ ትችላለች። አሁን ሁለት ቀኝ እጅ ልጆች በግራ ቆመው ይለማመዳሉ።

አውት እንዴት ይሆናል

ሦስት ስትራይክ አንዱ ነው። ሁለተኛው የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ነው፤ ፋውል ብትሆንም። ሦስተኛው ኳስ የያዘች ተከላካይ ቤዝ ያልረገጠችን ሯጭ ከነካቻት ነው። አራተኛውን ብዙ ሰው አይረዳውም፣ እሱ ላይ ጊዜ ስጡት።

ሁለት ሰው በአንድ በርጩማ አይቀመጥም። መቺዋ መትታ ወደ አንደኛ ስትሮጥ እዚያ የቆመችው ሯጭ ግዴታ ተነሥታ ወደ ሁለተኛ መሄድ አለባት። የተገደደች ሯጭን ለማስወጣት መንካት አያስፈልግም፤ ኳስ ይዞ የምትሄድበትን ቤዝ ቀድሞ መርገጥ ይበቃል። ግዴታው ከተነሣ፣ ለምሳሌ ከኋላዋ ያለችው ሯጭ አውት ከሆነች፣ ያኔ መንካት ግድ ይላል። በወረቀት አታስረዱ። አራት ልጆች ቤዝ ላይ አቁሙና «ማን ተገደደች?» እያላችሁ ጠይቁ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ቀድመው ይጮኻሉ።

አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች ኖረው፣ አውት ከሁለት በታች ሆኖ ኳሷ ከፍ ብላ ውስጠኞቹ ተከላካዮች በቀላሉ የሚይዟት ከሆነ፣ ብትያዝም ባትያዝም መቺዋ አውት ናት። ሆን ብሎ ጥሎ ሁለት ሰው የማስወጣት ተንኮልን ለመከላከል ነው። ሦስተኛው ስትራይክ ከካቸሯ እጅ ሲወድቅ መቺዋ አንዳንድ ጊዜ መሮጥ ትችላለች፤ ይህን ለሁለተኛው ወር አቆዩት።

ሩጫው

የፋስትፒች ሕግ ከቤዝቦል የሚለየው በጣም እዚህ ነው፦ ሯጭ ኳሷ ከወርዋሪዋ እጅ ሳትለቀቅ ከቤዟ አትለይም። ቀድማ ከለቀቀች አውት ናት። ከተለቀቀች በኋላ ግን ኳሷ ባትመታም ሮጣ ቀጣዩን ቤዝ መስረቅ ትችላለች። ስለዚህ ሯጯ ዓይኗን ከወርዋሪዋ ዳሌ አትነቅልም። ወርዋሪዋ ኳሷን ይዛ ያንን ክብ ውስጥ ከቆመች ደግሞ፣ መሃል መንገድ ላይ የቆመች ሯጭ ወዲያው መወሰን አለባት፤ ወይ ወደፊት ወይ ወደ ኋላ። እየተወዛወዘች ከቆመች አውት ናት።

አንደኛ ቤዝን አልፎ መሮጥ ይፈቀዳል። ሁለተኛንና ሦስተኛን ካለፈች ግን ልትነካ ትችላለች። ኳስ በሰማይ ሲያዝ ሯጮች ወደ ቤዛቸው ተመልሰው እንደገና መነሣት አለባቸው። ኳስ የሌላት ተከላካይ መንገድ መዝጋት አይፈቀድላትም፤ ሯጭም ኳስ የምትይዝን ማደናቀፍ አይፈቀድላትም።

ዘጠኙ ቦታ

የመጀመሪያው ጨዋታችን አሁንም ያስቀኛል። የመጀመሪያዋ መቺ ኳሷን ወደ ሾርትስቶፕ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ወደምትቆመው ልጅ፣ ገፋ አደረገቻት። ዘጠኙም ተከላካዮች ተያይዘው ወደ ኳሷ ሮጡ። ካቸሯ ሳትቀር። ኳሷን ሦስቱ በአንድ ላይ ያዟት፣ ቤዞቹ ባዶ፣ መቺዋ እየሳቀች ዞራ ቤት ገባች። እግር ኳስ የለመደ ልጅ ኳስ ወዳለበት ነው የሚሮጠው። በማግስቱ በየቦታቸው በአመድ ክብ አዞርኩላቸውና «ይህ ማማሽ ነው። የጎረቤትሽን ማሳ ወፍ ቢበላው ያንቺን ጥለሽ አትሮጪም» አልኳቸው። የምፈልገው ገባቸው። ቁጥሮቹ በመደበኛው አመዘጋገብ የሚሠራባቸው ናቸው፤ አስጠኗቸው።

1 ወርዋሪዋ፣ ፒቸር። ከለቀቀች በኋላ ሥራዋ አላለቀም፤ ለኳሷ ከሁሉም ቅርብ ተከላካይ ናት። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ቆሞ ኳሷ ካቸሯን ካለፈች ሮጣ ቤትን ትሸፍናለች።

2 ካቸሯ። ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት። እኔ መጀመሪያ ወፍራሟን ልጅ አስቀመጥኩ፣ ስህተቴ ነበር። ወሬኛዋን አስቀምጡ። ስንት አውት እንዳለ፣ ኳሷ ወዴት እንደምትወረወር የምትጮኸው እሷ ናት።

3 አንደኛ ቤዝ። ረጅምና እጇ የማይስት። አንድ እግሯ ቤዙ ላይ ሆኖ ወደ ኳሷ ትዘረጋለች። በንት ሲመጣ ግን ወደፊት ትወጣለች።

4 ሁለተኛ ቤዝ። ስሟ ሁለተኛ ነው፣ መቆሚያዋ ግን በአንደኛና በሁለተኛ ቤዝ መካከል ነው። አንደኛዋ ለበንት ስትወጣ ሮጣ አንደኛን የምትሸፍን እሷ ናት። ይህን ካላደረገች ወርዋሪዋ ኳስ ይዛ የምትወረውርለት ሰው ታጣለች፤ እኛ ጋ አራት ጊዜ ሆኗል።

5 ሦስተኛ ቤዝ። በፋስትፒች ከቤዙ ፊት ቀረብ ብላ ነው የምትቆመው፤ በንቱም ጠንካራውም ኳስ ወደ እሷ ነውና። ዓይኗን የማትጨፍን ልጅ ምረጡ።

6 ሾርትስቶፕ። በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል። የተሻለ እግርና የተሻለ ክንድ ያላት ልጅ ቦታ ነው። ሌባ ሯጭ ስትነሣ ሁለተኛን ትሸፍናለች። በአራትና በአምስት መካከል ቆማ ለምን ስድስት ሆነች የሚሉ ይኖራሉ፤ የሾርትስቶፕ ቁጥር ከቤዞቹ ሁሉ በኋላ ስለተሰጠ ነው እንጂ የቦታው ቅደም ተከተል አይደለም።

7፣ 8ና 9 የግራ፣ የመሃልና የቀኝ ኋላ ተከላካዮች ናቸው። መሃለኛዋ አለቃ ናት፤ «የኔ!» ካለች ሌሎቹ ይለቃሉ። የቀኟን ሁሉም ሰው ይንቃታል፣ እኔም ዓይን አፋሯን ልጅ እዚያ ነው የጣልኳት። አንድ ከሰዓት ሾርትስቶፗ ወደ አንደኛ የወረወረቻት ኳስ ከጓንቱ ጎን አልፋ ሄደች። ሯጯ ሁለተኛን ዞራ ወደ ሦስተኛ ስትታጠፍ፣ ያቺ ዓይን አፋር ልጅ ከአንደኛ ቤዝ ኋላ ቆማ ኳሷን ይዛ ጠበቀቻት፤ ወደ ሦስተኛ ወረወረች፣ አውት። ማንም አልነገራትም ነበር። ወደ አንደኛ የሚወረወር ኳስ ሁሉ ኋላው የቀኟ ልጅ መቆም አለባት፤ አሁን እነግራቸዋለሁ።

ቦታዎቹን ያለ ኳስ አስጠኑ። ዘጠኙን አቁሙና ሁኔታ ጥሩ፦ «አንደኛ ላይ ሰው፣ አውት የለም፣ ኳስ ወደ ሦስተኛ!» ሁሉም ወደሚሄድበት ይሩጥ። ከዚያ እጃችሁን አንሡና ሁሉም በቆመበት ይቁም፤ ማን ባዶ ቤዝ ትታ እንደሄደች ሁሉም ያያል። እኛ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይህንኑ እንሠራለን፤ ከመምታት ልምምድ ይበልጥ ጠቅሟል። ለመቺና ለተከላካይ የተለየ ሰው የሚፈቅድ ሕግም አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት አትነኩት፣ ያደናግራል።

የጨዋታው ቀን

ዳኛው ካቸሯ ኋላ ይቁም፤ አንድ ሰው ብቻ ካለ በቂ ነው። ውጤት ጸሐፊ ሁለት ልጆች ይሁኑ፣ ከየቡድኑ አንድ፤ አለበለዚያ የመቺዎች ተራ ላይ ጠብ ይነሣል። ተራው ከጨዋታው በፊት በወረቀት ተጽፎ ለዳኛው ይሰጥ፣ መሃል ላይ አይቀየርም። እንግዳው ቡድን ቀድሞ ይመታል።

በመደበኛ ሜዳ ዳር አጥር አለ፤ ለሴቶች ከቤት 67 ሜትር ያህል ላይ ይሆናል፣ በአየር ካለፈ ሙሉ ዙር ነው። እኛ እንዲህ ያለ አጥር የለንም፤ ከግራ መስመሩ ማዶ የጎረቤት የጓያ ማሳ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ከባለቤቱ ጋር ተነጋገርን፣ ከሁለቱም ቡድን ጋርም ተስማማን። ኳስ ነጥራ ማሳው ውስጥ ከገባች ጨዋታው ይቆማል፣ መቺዋ ሁለት ቤዝ ታገኛለች፤ ኳስ ነጥራ ከሜዳ ስትወጣ መደበኛው ሕግም ይኸው ነው። ኳሷን የምታመጣው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ድንበሩን ይዛ ትሄዳለች፣ ጓያውን አትረግጥም። ከብት ሜዳ ከገባ ዳኛው እጁን ያነሣል፣ ሯጮች በነበሩበት ይቆያሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጊደር ሁለተኛ ቤዝን፣ ከነጭዱ፣ በላችው። ትርፍ ማዳበሪያ ሞልታችሁ ያዙ።